የጾም ነው ብዬ ያጠጣሁት ሾርባ

ተርኪ የሚሉትን ወፍ መጀመሪያ ያየሁት ሙሉውን አይደለም። ቁርጥራጩን ነው ያየሁት፤ በሱቃችን ቀዳዳ በኩል ክንፉ ለብቻው፣ አንገቱ ለብቻው፣ ደረቱ ለብቻው ሆኖ ሲገባ። ዶሮ መስሎኝ ነበር። ከዛ የእግሩን አጥንት ሳይ፣ ይሄ ዶሮ አይደለም፣ ይሄ የዶሮ አጎት ነው አልኩ።

ሱቃችን ደቡብ አፍሪካ ነው፣ ካትሌሆንግ፣ ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ። እንዲህ ያለውን የሰፈር ሱቅ ስፓዛ ይሉታል፤ አንድ ክፍል የብሎኬት ቤት፣ ፊቱ በሙሉ ብረት፣ ብረቱ መሃል ላይ ዳቦ የምታሳልፍ ቀዳዳ። ዳቦ ታሳልፋለች፤ ሁለት ሊትር ለስላሳ ግን ካላጋደምከው አያልፍም። ገዢው ከውጭ ሆኖ «ማይ ፍሬንድ!» ብሎ ይጣራል፣ እኛ ከውስጥ ሆነን እናቀብላለን። ከመደርደሪያው ጀርባ ሁለት ፍራሽ አለ፣ ከፍራሹ አጠገብ ባለ ሁለት ምጣድ የኤሌክትሪክ ስቶቭ አለ፣ አለቀ። ሌላው ሰው ተፈርዶበት ነው ከብረት ጀርባ የሚቀመጠው። እኛ ኪራይ ከፍለን ነው።

«እኛ» የምለው እኔና ጋሼን ነው። ጋሼ የቡታጅራ ሰው ነው፣ አርባዎቹን ያጋመሰ፣ ረጋ ያለ፣ ኦርቶዶክስ። እኔ የሆሳዕና ልጅ ነኝ፣ ጴንጤ፤ አስረኛ ክፍልን ሳልጨርስ በኬንያ በታንዛኒያ ብዬ እዚህ የደረስኩ፣ ምላሴ ከጭንቅላቴ ቀድማ የምትደርስ ሰው። በሃይማኖት ስንናቆር ነው የምንውለው። ጠላትነት አይደለም፣ ቴሌቪዥን ስለሌለን ነው።

«አንተ ጴንጤ፣ ዛሬም ሥጋ?» ይለኛል።

«ጋሼ፣ እኔ በጸጋ ነው የዳንኩት፣ በሽሮ አይደለም።»

«እንግዲያው ጸጋው ቦርጭህን ያጥፋልህ።»

እንደዛም እየተባባልን፣ ጾም ሲሆን ለኔ የሚያበስልልኝ እሱ ነው። እሱ ሙያ አለው፣ እኔ የለኝም። እንቁላሌንም ዶሮዬንም ይሠራልኛል። ግን ጾመኛ አይቀምስም። ወጡ ሲደርስ በማንኪያ ይቀዳና፣ እንዳይንጠባጠብ በሌላ እጁ ከሥር እየደገፈ፣ «ና ጨው ቅመስልኝ» ይለኛል። «ትንሽ ይቀረዋል» ካልኩ ይጨምራል። «በቃ» ካልኩ ያወጣዋል። ድስቱ የሱ፣ ምላሱ የኔ። ያኔ ይቺን ነገር ከቁም ነገር አልቆጠርኳትም። አንድ ሰው የሌላውን ሰው ምላስ አምኖ ሲያበስል ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው።

የዛን ጊዜው የጋሼ ጾም እንደ ሌላ ጊዜው አልነበረም። በፋሲካ አገር ቤት ደርሶ ሲመለስ ሚስቱ አርግዛ ቀረች። ከዛ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም አልቆዩላትም። መውለጃዋ ገና አካባቢ ነው አሏት። ጋሼ ለማርያም ተሳለ። የነቢያትን ጾም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ቀን ሳላጎድል እጾማለሁ፣ ልጄን በሰላም ስጪኝ አለ። ሲነግረኝ ሳቅኩ።

«ጋሼ፣ ሰማይ ላይም ስፓዛ ከፈታችሁ እንዴ? ይሄን እንኪ፣ ያንን አምጪ?»

እሱ አልሳቀም። «ስትወልድ ትስቃለህ» አለኝና ዳቦውን ይደረድር ጀመር።

እዚህ አገር ገና የሚውለው የኛ ገና ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነው። ሎኬሽኑ ይሰክራል፣ ሙዚቃው ግድግዳ ያንቀጠቅጣል፣ ዕቃው እንደ ጉድ ይሄዳል። ጋሼ ልክ ያን ሰሞን ወደቀ። ትኩሳት፣ ማስመለስ፣ ውሃ እንኳን አልረጋለት አለ። ሱቁን ዘግቼ ክሊኒክ ወሰድኩት። በሩ ላይ የተቀበሉን ነርሶች አይደሉም፣ ስደተኛ እዚህ አይታከምም የሚሉ የሰፈሩ ጎረምሶች ናቸው። «አይዲ!» አሉን። ወረቀታችንን አሳየን። አንደኛው ሳያነበው መለሰልኝና «አገርህ ሄደህ ታከም» አለ። የጋሼን ክንድ ይዤ ነው የቆምኩት፣ ክንዱ እሳት ነው። አንድ ነገር ልናገር አፌን ስከፍት፣ ጋሼ በዛች ባለቀች ጉልበቱ እጄን ጨመቀኝ። ተመለስን። መንገድ ላይ ለጎረምሳው ልለው የነበረውን ሁሉ ለጋሼ ነገርኩት፣ እሱ ደግሞ «ባክህ ቀስ ብለህ ሂድ» ብቻ አለኝ።

የግል ሐኪሙ ለበዓል ዘግቶ ሄዷል። ፋርማሲ ኪኒን ሰጡኝና «ምግብ ይብላ» አሉኝ። ምግብ ይብላ! ሽሮውን ገና ሲያየው ነው የሚያስመልሰው።

«ጋሼ፣ ለበሽተኛ እኮ ይፈቀዳል። የራሳችሁ ቄሶች ናቸው የሚፈቅዱት።»

«የሚፈቅዱልኝ የንስሐ አባቴ ናቸው። አንተ ማነህ?»

«ደውልላቸዋ!»

«ቢፈቅዱልኝስ? የተሳልኩት እኔ ነኝ። አልኩ፣ አልኩ።»

«ትሞታለህ፣ ጋሼ!»

«ልጄ ይወለድ እንጂ» አለና ወደ ግድግዳው ዞረ። ጀርባው ላይ አጥንቱ በካናቴራው ይቆጠራል።

የበዓሉ ማግስት ረፋድ ላይ ጎጎ መጣች። ጎጎ በነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው። ግቢው የሷ ነው፣ ሱቁን የምታከራየን እሷ ናት። ልጇ ሀብታሞቹ ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች። አሠሪዎቿ ለገናቸው ትልቅ ተርኪ ጠብሰው፣ ጎን ጎኑን ነካ ነካ አድርገው፣ የቀረውን «ውሰጂው» ብለዋታል። እሷ ለእናቷ አመጣች፣ እናቷ ደግሞ በልታ የተረፋትን ለኛ። እንግዲህ ትርፍራፊ ሲዞር ሲዞር መጨረሻው እኛ ጋ ነው። ተናደድኩ ልበል? ተናድጃለሁ። ምራቄንም ውጫለሁ።

ትሪውን በሁለት እጇ ይዛ ብረቱ ፊት ቆመች።

«ምንታናሚ፣ በሩን ክፈትልኝ» አለች። ልጄ ማለቷ ነው።

አልከፈትኩም። እዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው ይገባዋል፣ በበዓል ሰሞን በር አይከፈትም። አንዴ ለአንዲት ሴትዮ ከፍተን፣ ከኋላዋ የገቡት ሽጉጥ የያዙ ነበሩ። ከዛ በኋላ ከኔና ከጋሼ በቀር ለማንም አይከፈትም ተባባልን። ለማንም ማለት ለማንም ነው።

«ጎጎ፣ በቀዳዳው አቀብዪኝ።»

ትሪው አያልፍም። እኔን አየችኝ፣ ትሪውን አየችው። ከዛ ምንም ሳትል ትሪውን ባዶ የለስላሳ ሳጥን ላይ አስቀመጠችና ወፉን በእጇ ትገነጣጥለው ጀመር። አሮጊት ሴት፣ ፀሐይ ላይ ቆማ፣ በኔ ቀዳዳ እንዲያልፍ አጥንት ትሰብራለች። እኔ ከውስጥ ሳፋ ይዤ እቀበላለሁ። ካሮቱንም ዱባውንም በእፍኝ በእፍኝ አቀበለችኝ። እጇ በቅባት እስከ አንጓዋ ወዝቷል። የዛን ቀን መጀመሪያ ያፈርኩት እዚህ ጋ ነው፣ ሌላው ሳይመጣ።

«ሰውዬው እንዴት ሆነ?» አለችኝ።

«ምንም አይበላም፣ ጎጎ።»

«አጥንቱን ቀቅልለት» አለች፣ ጣቷን እየላሰች። «በትንሽ እሳት፣ ብዙ ሰዓት። ሽንኩርት፣ ካሮት። አጥንቱ ጉልበቱን ለውሃው ይለቃል። ከዛ አጥልለህ አጠጣው። እኔ ስንቱን ከአልጋ ያስነሳሁት በዚህ ነው።»

«እሺ፣ ጎጎ።»

እሺ ስላት ምን ልሠራ እንደሆነ አውቄያለሁ። በኋላ ለራሴ «ሳላስበው ነው» ብዬ ነበር። ውሸት ነው፣ አስቤዋለሁ። ጋሼ አፍንጫው ዝግት ብሎ በአፉ ነበር የሚተነፍሰው። ሽታው እንደማይሰማው እንኳን አስቤዋለሁ።

ትልቁን ድስት ጣድኩ። ሥጋውን ከአጥንቱ ላይ ለቀምኩና አጥንቱን ውሃ ውስጥ ጨመርኩ። ሽንኩርት ለሁለት ከፍዬ፣ ነጭ ሽንኩርት ከነልጣጩ፣ ማንም ያልገዛው የጠወለገ ጥቅል ጎመን፣ ማብቀል የጀመረ ድንች፣ ሁሉንም ከተትኩ። እኔ እንቁላል ስጠብስ የማሳርር ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን እጄ ሙያ አወጣ። መሃል ላይ ቀዳዳው ጋ ሮጬ ዳቦ አቀብላለሁ፣ ሲጋራ አቀብላለሁ፣ ተመልሼ አረፋውን እገፋለሁ። ውሃው ቀስ እያለ ወርቅ መሰለ፣ ከላዩ ክብ ክብ ቅባት ተንሳፈፈ። የጎጎን ካሮትና ዱባ ቀድሞም በስለው ስለነበር መጨረሻ ላይ ጨመርኩ።

ከዛ በሻይ ማጥለያ፣ በጭልፋ በጭልፋ አጠለልኩት። ካሮቱን፣ ድንቹን፣ ጎመኑን ብቻ ለቅሜ መለስኩ። አንዲት ጭራ ሥጋ እንዳትቀር በጣቴ ፈለግኩ። በሕይወቴ እንደዛ ተጠንቅቄ የሠራሁት ሥራ የለም። ትምህርት ቤት እንደዛ ብጠነቀቅ ዛሬ ዶክተር ነበርኩ።

ጨዉን ራሴ ቀመስኩት። ልክ ነበር።

ጋሼን ከትራሱ ቀና አድርጌ ኩባያውን ሰጠሁት። በሁለት እጁ ተቀበለኝ።

«ምንድነው?»

«ሾርባ። የጾም።»

«ምን ምን አለው?»

«ካሮት፣ ድንች፣ ጥቅል ጎመን፣ ዱባ፣ ነጭ ሽንኩርት።» እስከዚህ ድረስ አንድም ውሸት የለበትም። እንደዛ ብዬ ነው ራሴን ያታለልኩት።

ኩባያውን ወደ ብርሃኑ አዘነበለው። «ከላይ ያለው ቅባትስ?»

«ዘይት ነው። ትንሽ እጄ ከበደ።»

«በማርያም?»

«ጋሼ፣ እኔ ጴንጤ ነኝ። በማርያም አልምልም።»

ፈገግ አለ፣ በዛ በተሰነጣጠቀ ከንፈሩ። «እውነትህን ነው። ጴንጤ ግን አይዋሽም» አለና ጠጣው።

ትንሽ በትንሽ ጠጣው። ሳፋውን አጠገቡ አድርጌ ያስመልሰዋል ብዬ ጠበቅኩ። አላስመለሰውም። ኩባያውን ሲጨርስ ግንባሩ ላይ ላብ ቸፍ አለ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እጁን ጭንቅላቴ ላይ ጫነ። «የአባትህ አምላክ ይጠብቅህ። ጾሜን እንደጠበቅክልኝ እሱ ይጠብቅህ። ቤት ንብረት ይስጥህ፣ የልጅ አባት ያድርግህ።» እጁን እስኪያነሳ ድረስ መጠበቅ ነበረብኝ።

«አሜን» አልኩ።

ምን ልበል? ሰው ሲመርቅህ አሜን ነው የሚባለው። አሜን አልኩና ከመደርደሪያው ጀርባ ሄጄ፣ ለዱቄቱ ጆንያ ፊቴን ሰጥቼ፣ ሥጋውን በዳቦ በላሁት። ርቦኝ ነበር። ጣፋጭ ነበር። ይሄንንም ልናገረው።

በነጋታውም ያንኑ አሙቄ ሰጠሁት። በሦስተኛው ቀን ተነስቶ ጢሙን ላጨ። ለሚስቱ በቪዲዮ ደውሎ ስልኩን ወደኔ አዞረው። ሴትዮዋ ሆዷ ከስክሪኑ ይሰፋል። «ይኸውልሽ፣ ይሄ ነው ልጁ። ጴንጤ ነው ግን ጾሜን ያላስፈታኝ እሱ ነው» አላት። እሷም መረቀችኝ። የቡታጅራ ሰው ምርቃት አይጨርስም። እኔ እያንዳንዱን ወደ ሆዴ አስገባሁ፣ አልፈጭ አለኝ።

ጎጎም መጣች፣ ትሪዋን አጥባ፣ ቀዳዳው ጋ ጎንበስ ብላ ጋሼን ስታየው አጨበጨበች። እሱ ዙሉውን ከኔ ይበልጣል፣ ቆመው ተጫወቱ። ሾርባው ደግ ነበር አላት። እሷም ሳቀችና ክንዷን አጥፋ ጡንቻዋን እያሳየች «አጥንት ነው! አጥንት!» አለችው። እኔ የተደረደረውን ዳቦ እንደገና መደርደር ጀመርኩ። ትንሽ ቆይታ ሄደች። ጋሼ ወደኔ ዞረ።

«ስለ ምን አጥንት ነው የምታወራው?»

«ስለ ውሻዋ» አልኩት። «ለውሻዋ አጥንት አስቀምጡልኝ ብላ ነበር።»

«ውሻ አላት እንዴ?»

«ሊገዛላት ነው።»

አየህ፣ አንድ ኩባያ ሾርባ ውሻ ወለደ። እስከዛሬ በዛ ግቢ ውሻ የለም።

ከዛ እኔ እንቁላል ተውኩ። ጾም ብዬ አይደለም፣ እኔ ጾም አላውቅም፤ ብቻ ስበላ የሱ ኩባያ ትዝ እያለኝ አልወርድ አለኝ። ከሱ ጋር ምስር መብላት ጀመርኩ። «ምነው፣ ልትጠመቅ ነው እንዴ?» ይለኛል እየሳቀ። «ሆዴን አሞኝ ነው» እላለሁ። እሱ የጠጣውን እኔ ልጹምለት አስቤ ይሆን? እንዲህ ዓይነት ነገር በጸጋ የዳነ ሰው አያስብም። አስቤ ነበር።

የኛ ገና ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ሱቁ ፊት ሰልፍ ተሰልፎ እያለ፣ የሚስቱ እህት ደወለች። ምጡ ቀድሞ መጥቷል። ሆስፒታል ናቸው። ደም በዝቶባታል። ከዛ መስመሩ ተቋረጠ።

ጋሼ የለስላሳ ሳጥን ላይ ቁጭ አለ፣ ስልኩን በሁለት እጁ እንደ ወፍ ጫጩት ይዞ። ይደውላል፣ አይነሳም። ይደውላል፣ አይነሳም። እኔ ቀዳዳው ጋ ነኝ። አንዱ ዳቦ ሲለኝ ሻማ አቀበልኩት። አንዷ የሕፃን ወተት ስትለኝ ቆሜ አየኋት። «ማይ ፍሬንድ፣ ሰክረሃል?» አለችኝ።

እግዚአብሔር በሾርባ ምክንያት ሕፃን ይገድላል ብዬ አላምንም። አላምንም አልኩ። በልጅነቴ ሰንበት ትምህርት ቤት የተማርኩትን ጥቅስ ሁሉ በልቤ ደረደርኩ። ከኋላዬ ግን ጋሼ በሹክሹክታ «አላጎደልኩም እኮ፣ እናቴ፣ አንድም ቀን አላጎደልኩም እኮ» ይላል። አንድ ነገር ቢፈጠር እሱ ዕድሜውን ሙሉ «ጾሜማ ሙሉ ነበር፣ ምን በደልኩ?» እያለ ይኖራል፣ እኔ ደግሞ መልሱን አውቄ አጠገቡ ዳቦ አቀብላለሁ። «ጌታ ሆይ» አልኩ፣ ዳቦ እያቀበልኩ፣ «ሾርባውን በኔ ላይ ቁጠረው። እሷን ተዋት፣ እኔን ያዘኝ። ልጁ ይወለድ እንጂ የፈለግከውን አደርጋለሁ።» ስናገረው ነው የሰማሁት። ይሄን ልስጥህ፣ ያንን ስጠኝ። እኔም ስፓዛዬን ከፍቼ ቁጭ።

ስልኩ ጮኸ። ጋሼ ማንሳት አቃተው፣ እኔ ነኝ የነካሁለት። መጀመሪያ ጫጫታ ተሰማ፣ ከዛ አንድ ቀጭን፣ የተናደደ ለቅሶ። ሴት ልጅ። እናቲቱም ደህና ናት። ጋሼ መሬቱን ሳመ፤ ሲሚንቶውን፣ ዱቄት የፈሰሰበትን ሲሚንቶ። ከዛ የከረሜላውን ማሰሮ አንስቶ በቀዳዳው ለሰልፈኛው ሁሉ በተነ። ውጭ እልል አሉ፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቁ።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ልጅቷ ተወልዳለች፣ ማንም አያውቅም፣ ጎጎም ውሻ እንዳላት ሰው አይጠይቃትም። አፌን ዘግቼ መኖር እችል ነበር። ሰው ሲጠይቀኝ «በኋላ ነገርኩት» እላለሁ። አልነገርኩትም። ሰደብኩት።

የዛኑ ቀን አመሻሽ ላይ ነው። ጋሼ ከደስታው ብዛት መቀመጥ አቅቶታል። ለሚያውቀው ሁሉ ደውሏል፣ ለሁሉም የኔን ሾርባ አውርቷል። ከዛ ወደኔ ዞሮ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«አየህ፣ አንተ ጴንጤ? አንድ ቀን አላጎደልኩም። አየህ ማርያም ስትሰማ? እናንተ ጸጋ ጸጋ ትላላችሁ፣ ጸጋው ሰነፍ አደረጋችሁ። አንተ አንዲት ቀን ብትጾም እኮ እስካሁን ሚስት ታገኝ ነበር!»

ቀልዱን ነው። ስንት ቀን ሙሉ ስንቀላለድ የኖርነውን ነው። ግን ያ ሁሉ ምርቃት፣ ያ ሁሉ «ጾሜን ጠበቀልኝ» ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ ነበር።

«አንድ ቀን አላጎደልኩም ነው የምትለኝ?» አልኩት። «ተርኪ ነው የጠጣኸው! የጎጎን ተርኪ! ልጅህ በጾም አይደለም የተወለደችው፣ በአጥንት መረቅ ነው!»

መጀመሪያ ፈገግታው እዛው ነበር። ቀልድ መስሎት መጨረሻውን ይጠብቃል። ከዛ ስቶቩ ላይ ያለውን ትልቁን ድስት አየ።

«ቅባቱ» አለ። «ዘይት ነው አልከኝ።»

«አዎ።»

ውጭ አንድ ሰው «ማይ ፍሬንድ፣ ዳቦ!» አለ። ጋሼ ተነሳና ዳቦውን አቀበለ። መልሱን ቆጥሮ ሰጠ። «አመሰግናለሁ፣ ደህና እደር» አለው በዙሉ። ከዛ እዛው ቀዳዳው ጋ፣ ጀርባውን ለኔ ሰጥቶ ቆመ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ።»

ሳንቲሙን ቆርቆሮው ውስጥ ጣለ።

«ልትሞት ነበር። ምን ላድርግ?»

«ያጠጣኸኝን ይሁን» አለኝ ሳይዞር። «ልሞት ነበር፣ አውቃለሁ። ብታታግለኝ፣ በግድ ብትግተኝ ይቅር እልህ ነበር። ግን እጄን ጭንቅላትህ ላይ ጭኜ ስመርቅህ አሜን አልክ።»

ተነስቼ ትልቁን ድስት ማጠብ ጀመርኩ፤ ንጹህ ነበር።

ከዛ በኋላ ተናገረኝ፣ አልተናገረኝም ማለት አልችልም። «ስኳር አልቋል» ይለኛል። «ያንን ሳጥን አንሳ» ይለኛል። በአንዲት ክፍል ውስጥ ሁለት ሰው ሳይነጋገር አይሠራም። የተውኩትን እንቁላሌንም እንደገና ይሠራልኝ ጀመር፣ እንደ ድሮው ጠብሶ አጠገቤ ያስቀምጣል። ግን «ና ቅመስልኝ» አይልም። አንዴ ጨው የለውም፣ አንዴ ይበዛዋል። ዝም ብዬ እበላለሁ። ምላሴን ከሥራ አባሮኛል። ሌላ ቅጣት አልቀጣኝም፣ ይሄ ብቻ በቂዬ ነበር።

ለንስሐ አባቱ ሲደውል ፍራሼ ላይ ሆኜ ሰማሁ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የሚያዳምጠው። «ልጄ፣ ሳታውቅ ነው፣ በደል የለብህም» አሉት። «በገና ደግሞ አይጾምም፣ እንዳትሳሳት፣ ብላ።» ጋሼ «እሺ አባቴ» አለ። ስልኩን ዘጋ። ከዛ ለግድግዳው ይሁን ለኔ አላውቅም፣ «እሳቸው ይበሉኝ እንጂ። አልኩ፣ አልኩ» አለ። ሾርባ የጠጣባቸውን ቀኖች ከገና ጀምሮ ሊተካቸው ነው።

የገና ዕለት ማለዳ፣ ጥግ ላይ በፒክአፕ ከሚሸጡት ዶሮ ገዝቶ መጣ። ከነነፍሱ። ራሱ ባረከው፣ ራሱ ገነጠለው። ሽንኩርቱን ሲያቁላላ ረፋዱ አለቀ። እኔ ቀዳዳው ጋ ዳቦ እያቀበልኩ ጀርባዬ በሙሉ ጆሮ ሆኗል። አሁን ይጠራኛል፣ አሁን ይጠራኛል እያልኩ። ቅቤውን ጨመረ፣ እንቁላሉን ጨመረ። ማንኪያው ድስቱን ሲነካ ሰማሁ። አልጠራኝም።

ቀኑ ጋብ ሲል ከከተማ ያስመጣነውን እንጀራ ዘረጋ። በአንድ ሳህን ዶሮውን፣ ጭኑንም ፈረሰኛውንም ለኔ አወጣ። በሌላ ሳህን ለራሱ ምስር። ሁለቱን ሳህን ሳጥኑ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠ።

«ብላ። በዓልህ ነው።»

«ጋሼ፣ እኔም ምስሩን ልብላ።»

«ላንተ ነው የሠራሁት» አለኝ። ቁጣ የለበትም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። «ስንት ቀን ዶሮ አልበላህም። አይቼሃለሁ እኮ። ሆድህን አሞህ አይደለም።»

ቆርሼ ጎረስኩ። ጨው! ምላሴን ያዘኝ። ዓይኔ እንባ አመጣ። ሽንኩርቱ፣ በርበሬው፣ ቅቤው፣ ሁሉም አምሯል፤ ጨዉ ግን ሁለት ጊዜ ነው የገባው፣ አንዴ ጨምሮ ረስቶ ይሆናል። ያልቀመሰ ሰው በምን ያውቃል።

ጋሼ ምስሩን ሳይነካ ያየኛል።

«እንዴት ነው?» አለኝ።

ከዛን ቀን ወዲህ ስለ ምግብ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። «ቆንጆ ነው» የምትለው ቃል እንደ ልማዷ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። በዓል ነው፣ ሰውዬው ቀኑን ሙሉ ለፍቷል፣ ሳይበላ ነው ያበላኝ፣ ምን ይጎዳል? ደግ ውሸት ናት። ሾርባዋም ደግ ውሸት ነበረች።

«ጨው በዝቶበታል፣ ጋሼ።»

«ትንሽ?»

«ትንሽ አይደለም። አይበላም።»

አፍጥጦ አየኝ። ዓይኑ ከዓይኔ ወደ አፌ ወረደ፣ ተመልሶ ወጣ። ከዛ በአፍንጫው ፍንን የሚል ሳቅ አመለጠው፣ ወዲያው ዋጠው። ሳህኑን ከፊቴ አነሳና ወጡን ወደ ድስቱ መለሰው። ሙቅ ውሃ ጨመረበት፣ ስቶቩን አበራ። ሁለታችንም ቆመን እስኪፈላ ጠበቅን። አንድ ሰው ዳቦ ብሎ ተጣራ፣ ማናችንም አልሄድንም።

ሲንተከተክ በማንኪያ ቀዳ። እንዳይንጠባጠብ በሌላ እጁ ከሥር ደገፈው።

«ና» አለኝ።

ቀመስኩለት።

«አሁንም ጨው አለበት።»

ውሃ ጨመረ።